የጋቢናው ፊልትሮ ታሪክና የባለሙያው ግዴታ

አውቶሞቢል ብቅ ባለበት ዘመን ተሳፋሪውን ከመንገዱ አቧራ የሚጋርድ ምንም ነገር አልነበረም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ መኪና የሚነዳ ሰው ረጅም የአቧራ ካፖርት ደርቦና መነጽር አጥልቆ ይጓዝ ነበር። ይሁን እንጂ አቧራው ከተጓዡ ይልቅ በመንገድ ዳር የሚኖረውን ሕዝብ ያስመርር ስለ ነበር፣ መድኃኒቱ መጀመሪያ የተፈለገው ከመኪናው ሳይሆን ከመንገዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ኤርነስት ጉልዬልሚኔቲ የተባለ የስዊስ ተወላጅ ሐኪም በሞናኮ መንገድ ላይ ቅጥራን አስቀብቶ አቧራውን አስታገሠ። የአቧራን ነገር በቅድሚያ የጤና ጉዳይ አድርጎ የተመለከተው መሐንዲስ ሳይሆን ሐኪም መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው እርምጃ መኪናውን ቤት ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 በአሜሪካ ከሚሸጡት መኪናዎች ጣራና መስታወት የነበራቸው ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ በ1927 ቁጥራቸው ከመቶ 85 ደርሷል። ነገር ግን የተዘጋው ቤት የራሱን ችግር ይዞ መጣ። የዚያን ጊዜ ማሞቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ የውስጡን አየር እየመላለሱ የሚያሞቁ ስለ ነበሩ፣ አየሩ ይታፈናል፤ መስታወቱም በላበት ይሸፈናል። ሙቀታቸውን ከጭስ ማውጫው የሚያገኙት ደግሞ ቀዳዳ ባበጁ ጊዜ መርዘኛ ጋዝ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ከዚህም በላይ መኪናው ሲሮጥ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ አቧራው በየመገጣጠሚያው ስንጥቅ እየተሳበ ይገባ ነበር።

ለእነዚህ ችግሮች በአንድነት መልስ የሰጠው የአሜሪካው የናሽ ኩባንያ ነው። ናሽ እ.ኤ.አ. በ1937 ኬልቪኔተር ከተባለው የማቀዝቀዣ ሠሪ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ነበር። በ1938 ሞዴል መኪናዎቹ ላይ ባቀረበው ዘዴ፣ አየሩ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ከውጭ ይገባል፤ በማጣሪያ ያልፋል፤ በሞተሩ ሙቅ ውሃ ይሞቃል፤ ከዚያም ወደ ጋቢናው ይነፍሳል። የብልሃቱ ፍሬ ነገር ማጣሪያው ብቻ አልነበረም። የተጣራው አየር በግፊት ስለሚገባ በውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ይበልጣል፤ በየስንጥቁም አቧራው መግባቱ ቀርቶ የውስጡ አየር ወደ ውጭ ይወጣል። በማግስቱ ዓመት ሙቀቱን በራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ ተጨመረለትና ዘዴው «ዌዘር አይ» በሚለው ስሙ ታወቀ። ዛሬ በምንነዳው መኪና ውስጥ ያለው የአየር አገባብ በመሠረተ ሐሳቡ ይኸው ነው።

ማጣሪያው ራሱ ግን በሁሉ ዘንድ እስኪለመድ ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። የስዊድኑ ሳአብ እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረበው 900 ሞዴል ላይ የጋቢና አየር ማጣሪያ አደረገ። የጀርመኑ መርሴዲስ ቤንዝ በ1991 ባወጣው ኤስ ክላስ ላይ ደግሞ በልዩ ዘዴ የተዘጋጀ ከሰል ያለበት ማጣሪያ ሠራ። ጨርቅ መሰሉ ክፍል የአበባ ብናኝና አቧራ ሲይዝ፣ ከሰሉ ሽታንና አንዳንድ ጋዞችን ይስባል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አይዝም፤ ስለዚህ ፊልትሮ አለኝ ብሎ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሣት ሕይወትን ያሳጣል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መደብ ማስገባቱን ስናስብ፣ ይህች የታጠፈች ጨርቅ የምቾት ጌጥ ብቻ እንዳልሆነች እንረዳለን።

እነሆ ታሪኩ ወደ እኛ ሙያ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። የማሞቂያውም ሆነ የማቀዝቀዣው አየር በዚችው ፊልትሮ በኩል ስለሚያልፍ፣ በደፈነች ጊዜ ነፋሱ ይደክማል፤ መስታወቱም ቶሎ አይጠራም። ከዐይን ስለ ተሰወረች ግን የሚጠረጥራት የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ የመኪናው ማቀዝቀዣ እንደ ደከመ ነገረኝ። ከዚያ በፊት በአንድ ጋራዥ ሁለት ጊዜ ጋዝ አስሞልቶ ሁለት ጊዜ ከፍሏል። ከፍተን ብናይ ፊልትሮው ጠቁሮ፣ የደረቀ ቅጠልና አቧራ ተጋግሮበት አገኘነው። አዲሱ ሲገባ ነፋሱ ወዲያው ተመለሰ። ወዳጄም «ይህን ለምን አልነገራችሁኝም?» አለኝ። «አልነገሩኝም» ሳይሆን «አልነገራችሁኝም» ማለቱ፣ ወቀሳው ለአንድ ጋራዥ ሳይሆን ለሁላችንም እንደ ነበረ አስገነዘበኝ።

ሥራው በቤት የሚሠራ ነው። በብዙዎቹ መኪናዎች ፊልትሮው የሚገኘው ከጋቢና ተሳፋሪው ጉልበት ፊት ካለው የዕቃ ሣጥን በስተጀርባ ነው፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ ከኮፈኑ ሥር፣ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ይሆናል። ሞተሩ ይጠፋል፤ ሣጥኑ በጥንቃቄ ይወርዳል፤ ክዳኑ ይከፈታል፤ አሮጌው በቀስታ ተስቦ ይወጣል፤ ማደሪያው ይጠረጋል፤ አዲሱም የአየሩን አቅጣጫ የሚያመለክተው ቀስት በትክክል መዞሩ ታይቶ ይገባል። በአንዳንዱ መኪና ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግም። ብዙ ፋብሪካዎች በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከ15,000 እስከ 25,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ በአቧራማ መንገድ ላይ የሚሠራ መኪና ግን ከዚያ ቀደም ብሎ መታየት አለበት። አሮጌውን በኮምፕሬሰር ነፍቶ መመለስ ቁጠባ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ኃይለኛው ነፋስ ክሩን ይቀድደዋል። ማጠብም ቢሆን፣ በብዙዎቹ ላይ ደቃቁን ብናኝ የሚስበውን የኤሌክትሪክ ሙል ያጠፋዋል።

ይህን ለባለመኪናው ብናስተምር እንጀራችንን እንቀንሳለን የሚል ሥጋት በመካከላችን እንዳለ አውቃለሁ። ሥጋቱ ከንቱ ነው አልልም፤ ትንሹም ገቢ ገቢ ነውና። ሆኖም ትንሹን ነገር በግልጽ ያሳየነው ሰው፣ ትልቁ ብልሽት በመጣ ጊዜ ቃላችንን ያምናል፤ ያልነገርነው ግን ትክክለኛውን ዋጋ ስንጠይቀው እንኳ ይጠራጠረናል። ስለዚህ እያንዳንዱ የማኅበራችን አባል መኪና ሲያስረክብ ሣጥኑን ከፍቶ ለባለቤቱ እንዲያሳይና የተለወጠበትን ቀን በፊልትሮው ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ እንዲጽፍ አሳስባለሁ። ይህን ለማድረግ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።