የሰረቀው እጅ እና ያስራበው ጌታ

በ179 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ማሊክ በ«ሙወጧእ» የመዘገቡት አንድ የመዲና ችሎት፣ ድህነትና ፍትሕ የተገናኙበትን ሁኔታ ያሳያል። የሓጢብ ባሮች የአንድ ሙዘይናዊ እንስት ግመል ሰርቀው አረዱ። ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) እጃቸው እንዲቆረጥ አዘዙ፤ ጌታቸው እንደሚያስርባቸው ሲገነዘቡ ግን ዕዳውን ወደ እርሱ አዞሩት። ባለንብረቱ በ400 ዲርሃም አልሸጥም ብሎ ስለነበር፣ 800 እንዲከፈለው ወሰኑ።

ማሊክ ግን እጥፍ ማስከፈል እንዳልተሠራበት፣ የሚከፈለውም ግመሏ በተወሰደችበት ዕለት የነበራት ዋጋ መሆኑን አክለዋል። ለጌታው ተግሣጽ የሆነው ጭማሪ በዚሁ ቀረ። ባሮቹ ያሰሙት አቤቱታም በዘገባው የለም፤ እጃቸውን ያተረፈው የዳኛው አስተውሎት ነው። ድኻው በሕግ እንጂ በዳኛ ደግነት ብቻ እንዳይድን፣ ከሰረቀው አስቀድሞ ያስራበውን መመርመር የችሎት ግዴታ ሊሆን ይገባል።