ባለእጅ፦ ኦሪትን ይዞ ብረት የቀጠቀጠው ወገን

ከሰቆጣ እስከ ፃግብጂ ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ እናት ያለ ሸክላ ወጥ አትሠራም። ብረቱን የቀጠቀጠውንና ሸክላውን የሠራችውን ግን በብዙው አገራችን «ቡዳ» ብሎ መሸሽ የኖረ ልማድ ነው። ለመሆኑ እጁ በጭቃና በከሰል የጠቆረ ሰው መንፈሱም ይጠቁራል ያለን ማን ነው?

ቤተ እስራኤልን እንመልከት። የጥንት ቋንቋቸው አገውኛ ነበር፤ የዋጉ ኽምጥኛ ወንድም ማለት ነው። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከነገሥታቱ ጋር በተደረጉ ጦርነቶች ብዙዎቹ ርስታቸውን አጡ። መሬት ያጣ ሰው የሚቀረው እጁ ነው፤ ወንዱ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ግንበኛ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ ሆነች። ቡዳ የሚለው ስምም ተከትሏቸው መጣ።

እነሱ ግን ሥራቸውን ከእምነታቸው አልነጠሉም። በግእዝ የተጻፈው ኦሪታቸው ስለ ጸሎት ብቻ ሳይሆን ስለ ምግብ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ገላ ንጽሕናም ይደነግጋል። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገላ ይታጠባል፣ ምግብ ይሰናዳል፣ እሳቱ ይጠፋል። ስድስት ቀን መዶሻ ያነሣ እጅ በሰባተኛው ለጸሎት ይዘረጋል። እጁ ያው እጅ ነው!

ስግድንም ተመልከቱ። ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጣሉ፤ ሕዝቡ ጾሞ ይከተላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወርዶ አብሮ ይበላል። ጾሙም ማዕዱም የአንድ በዓል ሁለት ገጽ ናቸው።

ይህ የእነሱ ብቻ አይደለም። ቤተ እስራኤል ታልሙድን ባያውቁም፣ በታልሙድ ከሚጠቀሱት ታላላቅ መምህራን አንዱ ይስሐቅ ናፓሃ ይባላል፤ ናፓሃ ማለት ብረት ሠሪ ነው። እኛስ ብንሆን ጻድቁ ዮሴፍ አናጺ እንደነበር እየሰማን አይደል ያደግነው?

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በረሩ። እነሱ ሄዱ፤ ንቀቱ ግን እዚሁ ቀረ። ዛሬም ልጁን ለብረት ሠሪ ልጅ ለመዳር የሚያመነታው ብዙ ነው።

«ባለእጅ» የሚለውን ቃል ስድብ ያደረግን እኛ ነን። ቃሉ ግን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እጅ ያለው ሰው። እጅ የሌለው ማነው ታዲያ?