የአየር ቅበላ ብልሽት (በአሮጌ ካርቡሬተር ሞተሮች)

በካርቡሬተር የሚሠራ አሮጌ መኪና ሚኒሞ ላይ ሲንቀጠቀጥና ሲጠፋ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ማጠብ ተለምዷል፤ መቅደም ያለበት ግን ከእሱ በታች ሾልኮ የሚገባውን አየር መፈለግ ነው። በተሰነጠቀ ቱቦ ወይም በደረቀ ጓርኒሲዮን የሚገባ አየር የነዳጅና የአየር ድብልቁን ያሳሳዋል። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ጉዳቱ እዚያ ይጎላል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይሻለዋል። የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ግን በተቃራኒው ዳገት ላይ ያደክመዋል። መገጣጠሚያው ላይ ውሃ በስሱ ሲረጩ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያው ነው፤ በቤንዚን መሞከር እሳት ያስነሳል።

«ጥፋቱ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው» የሚሉ አሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከፍታ ድብልቁን ነዳጅ ያበዛበታል እንጂ አያሳሳውም፤ እዚያው ከተማ ደህና ሲሠራ ለኖረ ሞተር ድንገተኛ መንቀጥቀጥም ምክንያት ሊሆን አይችልም።