አላስተኛ ያለው ሞደም እና ረጅም ታሪኩ

በዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን ላይ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ልናወጋችሁ ነው። ዕቃው ሞደም ይባላል። ወጣቶቹ ተማሪዎቻችን ሞደም ሲባል ትዝ የሚላቸው ዩኤስቢ ላይ የምትሰካዋ ነች። እኛ የምንለው ግን ከእሷ በፊት የነበረውን፣ የስልክ ሽቦ የሚሰካበትን፣ ሲደውል እንደታመመ ሰው የሚያቃስተውን ነው። ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል።

ይህን ታሪክ እንድንፈልግ ያደረገን የራሳችን ጉድ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ እዚህ ካኩማ የነበረችንን የኮምፒውተር ክፍል የምታስታውሱ አላችሁ። ከውጭ አገር በእርዳታ የመጡ፣ ቢሮ ያገለገሉ አሥር ማሽኖች፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ፤ ሜሞሪያቸው 128 ሜጋባይት። መብራት ከጄኔሬተር ነው፤ ነዳጁ ደግሞ ሲያልቅ ማንንም አያስጠነቅቅም። በመሐል የነበረን አንድ ሁለት አሮጌ ዩፒኤስ ሲሆን መብራት ሲጠፋ ጢጥ ጢጥ እያለ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠናል። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ምን ይደረጋል?

መልሱን ያገኘነው ሃይበርኔት ከሚባለው ነገር ነው። ኮምፒውተር ስንጠቀም የከፈትነው ሁሉ ያለው ሜሞሪ ላይ ነው፤ ሜሞሪ ደግሞ መብራት ሲሄድ ሁሉን ይረሳል። ሃይበርኔት ሲባል ማሽኑ በሜሞሪው ያለውን እንዳለ ሃርድ ዲስኩ ላይ ገልብጦ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። በማግስቱ ሲከፈት የጀመራችሁት ጽሑፍ እንደተዋችሁት፣ ጠቋሚው እንኳ የቆመበት ቦታ ላይ ሆኖ ይመጣል። ስታንድባይ የሚባል ሌላም እንቅልፍ አለ፤ እሱ ግን ሜሞሪውን በትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚያቆየው ጄኔሬተር ለሚያምን ሰው አይረባም። እኛም ተማሪዎች «ሴቭ ሳናደርግ መብራት ቢሄድስ?» ሲሉን «ግድ የለም፣ ማሽኑ ይተኛል እንጂ አይሞትም» እንላቸው ነበር። ይህን ያልነው እኛ ነን። ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል።

አንድ ማታ አንዲት እህታችን ለርቀት የመምህራን ሥልጠና የምታመለክትበትን ደብዳቤ ስትጽፍ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየች። በእንግሊዝኛ ነው፣ እየቀደደች እየሰፋች። ደብዳቤ የሚወስደው መኪና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሄዳል። ጄኔሬተሩ ጸጥ አለ። ዩፒኤሱ መጮህ ጀመረ። ሮጠን ሃይበርኔት የሚለውን ተጫንን። ማሽኑ እንደመተኛት አለና ተመልሶ ነቃ። ስክሪኑ ላይ የሞደሙ ድራይቨር ማሽኑ እንዳይተኛ እየከለከለ ነው፣ ፕሮግራሞቹን ዝጉና እንደገና ሞክሩ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ደግመን ተጫንን። ያው ጽሑፍ። ጢጥታው እየፈጠነ ሄደ። አሁን ሲታሰብ ያኔ ሴቭ ብንል ኖሮ በሁለት ሴኮንድ ያልቅ ነበር፤ እኛ ግን ከጽሑፉ ጋር ሙግት ይዘን ለሦስተኛ ጊዜ ሃይበርኔት ስንጫን ጨለመ።

እህታችን ሌሊቱን በኩራዝ በእጇ ጽፋ ላከች። በታይፕ ካልሆነ አንቀበልም ተባለና የሚቀጥለው ዙር እስኪመጣ ስምንት ወር ጠበቀች። ለእኛ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ ብትናገር ይሻለን ነበር።

ነገሩን ይበልጥ ያስገረመን ምን መሰላችሁ? በዚያ ክፍል ውስጥ የስልክ መስመር የሚባል አልነበረም። ኖሮም አያውቅም። ታዲያ ሽቦ ነክቶት የማያውቅ ሞደም ማንን ሊያናግር ነው ነቅቶ የሚያድረው?

ወደ ታሪኩ እንግባ። ሞደም የሚለው ስም ሞዱሌተርና ዲሞዱሌተር ከሚሉ ሁለት ቃላት ተቆርጦ የተሰፋ ነው። የስልክ ሽቦ የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው፤ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ያሳልፋል፣ ሌላውን ይቆርጣል። ኮምፒውተር ደግሞ የሚያውቀው አንድና ዜሮ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን በአንድ ፉጨት፣ ዜሮውን በሌላ ፉጨት አድርጎ የሚልክ፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ፉጨቱን ወደ አንድና ዜሮ የሚመልስ አስተርጓሚ አስፈለገ። ሞደም ይኸው ነው።

ይህ አስተርጓሚ በብዛት ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የአየር መከላከያ ውስጥ ነው። ሴጅ የተባለው ሥርዓት የራዳር ጣቢያዎችንና ትልልቅ ኮምፒውተሮችን በስልክ መስመር ያገናኝ ነበር። የጠላት አውሮፕላን መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና መሣሪያው እንቅልፍ የሚባል ነገር አልተማረም። በ1962 የስልክ ኩባንያው ቤል 103 የተባለውን አወጣ፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 300 ቢት፣ ማለትም 30 ፊደል ያህል። 2,000 ፊደል ያለበት አንድ ገጽ ለመላክ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ፈጣን ጸሐፊ ብዙም የሚቀድመው ሳይሆን የሚከተለው ነው እንበል።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ የራስህን ዕቃ ከስልክ መስመር ጋር ማገናኘት ክልክል ነበር። በ1968 ካርተርፎን በተባለው ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ ያን በር ከፈተው። እስከዚያም ከዚያ ወዲያም ለብዙ ጊዜ ሰዎች የስልኩን እጀታ በሁለት የጎማ ጽዋዎች ላይ ያስተኙና ፉጨቱን በአየር ያሳልፉት ነበር። ሰው እየደወለ፣ ሰው እየዘጋ።

ነገሩን የቀየረው በ1981 የወጣው የሄይስ ስማርትሞደም ነው። ይህ ሞደም ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ ይቀበላል። ትእዛዞቹ በኤቲ ይጀምራሉ፤ «ልብ በል» እንደማለት ነው። ደውል፣ ዝጋ፣ አንሣ። ስልክ ሲጠራ በራስህ አንሣ የሚልም ነበረው። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤቱ ተኝቶ ሞደሙ ግን ስልክ ሲያነሣ ያድር ጀመር። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የኛ ሞደም ጸባይ የመጣው ከዚህ ነውና።

በ1984 ቶም ጄኒንግስ የተባለ ሰው በአሜሪካ ፊዶኔት የተሰኘ መረብ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መልእክቶች ቀን ይጠራቀማሉ፣ ሌሊት የስልክ ዋጋ ሲረክስ አንዱ ኮምፒውተር ለሌላው ደውሎ ያስረክባል። በመረቡ ሕግ በቀን አንድ የተወሰነ ሰዓት እያንዳንዱ ማሽን ነቅቶ ስልክ ማንሣት ነበረበት። ተኝቶ ቢገኝ መልእክቱ አያልፍም።

ይህ ለእኛ አካባቢ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢንተርኔት ገና ሳይደርስ፣ ኢሜይል ወደ አዲስ አበባ የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው ክፍል የፊዶኔት ጣቢያ ይዞ መልእክቶችን ከለንደኑ ግሪንኔት ጋር ይለዋወጥ ነበር። ናይሮቢም የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶችን የሚያገናኘው ማእከል ተመሳሳይ ጣቢያ ነበረው። ተመራማሪው፣ ሐኪሙ፣ የእርዳታ ድርጅቱ ሠራተኛ ደብዳቤውን ቀን ያስገባል፤ መስመሩ ከተሳካ ማግስቱን መልስ ያገኛል። ስልኩ በመሐል ከተቆረጠ ደግሞ እንደገና ነው። በኢትዮጵያ ሙሉው ኢንተርኔት በጥር 1997 በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ሲጀመርም መግቢያው ያው በስልክ መደወል ነበር፤ «መስመር ተይዟል» የሚለውን ድምፅ ያልሰማ የዚያ ዘመን ተጠቃሚ የለም። ፍጥነቱም በ1994 በሴኮንድ 28,800 ቢት፣ በ1998 እስከ 56,000 የሚል መለኪያ ላይ ደረሰ፤ በወረቀት ላይ ማለታችን ነው።

እንግዲህ ሞደም ነቅቶ እንዲያድር ሲሠለጥን፣ በሌላ በኩል ኮምፒውተርን ማስተኛት የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ላፕቶፕ ስለበዛ ባትሪ መቆጠብ ግድ ሆነ። በ1992 ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ኤፒኤም የተባለ ደንብ አወጡ፤ በታኅሣሥ 1996 ደግሞ ከቶሺባ ጋር ሆነው ኤሲፒአይ የተባለውን አዲሱን ደንብ አወጡ። ልዩነቱ ማን ያዝዛል የሚለው ነው። በፊት የእንቅልፉን ጉዳይ በብዛት የሚመራው በማሽኑ ውስጥ ያለው ባዮስ ነበር። በአዲሱ ግን ዊንዶውስ ራሱ አዛዥ ሆነ። ከመተኛቱም በፊት በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የተሾመውን ድራይቨር «ልተኛ ነው፣ ትስማማለህ?» ብሎ ይጠይቃል። እንደ ሽምግልና ነው፤ ከሁሉም አንዱ እንኳ እንቢ ካለ ነገሩ ይፈርሳል፣ እሺ ያሉትም ሁሉ «ተነሡ፣ ቀርቷል» ይባላሉ። የኛ ማሽን እንደመተኛት ብሎ የነቃው ለዚህ ነው።

በዚሁ ዘመን ላይ ነው ደግሞ ሞደሙ የረከሰው። የድሮው በሳጥን የሚመጣ ሞደም የራሱ መብራት፣ የራሱ አንጎል ነበረው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ አምራቾች ዋጋ ለመቀነስ አንጎሉን አውጥተው ሥራውን ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ሰጡት። ካርዱ ላይ የቀረው ጥቂት ዕቃ ብቻ ሆነ፤ ፉጨቱን የሚሠራውም የሚተረጉመውም በዊንዶውስ ውስጥ ያለ ሶፍትዌር ነው። ዊንሞደም የሚባለው ይህ ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ኮምፒውተሩ ከተኛ እሱም የለም። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ሞደሙን ከፍቶ ጥሪ ጠብቅ ካለው፣ ድራይቨሩ ልተኛ ወይ ሲባል እንቢ ይላል። ከእሱ አንጻር ትክክል ነው።

የኛን ጉዳይ የፈታው አገር ቤት ሬዲዮ ይጠግን የነበረ ወንድማችን ነው። ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ጠቅ ቢያደርጋት የፋክስ ፕሮግራም ተከፈተ፤ «ጥሪ በመጠበቅ ላይ» ይላል። ማሽኑ ከመለገሱ በፊት የአንድ ቢሮ ፋክስ ተቀባይ ነበር ማለት ነው። ባሕር ተሻግሮ፣ በመኪና ተጭኖ ካኩማ ገብቶ፣ የዚያን ቢሮ ፋክስ ይጠብቃል። ወይ ጉድ አልን። ፕሮግራሙን ዘጋንና ሃይበርኔት ተጫንን፤ ተኛ።

ሌሎቹ ማሽኖች እንዲህ አልቀለሉም። በአንዳንዶቹ የፋክስ ፕሮግራም የለም፣ ድራይቨሩ ራሱ አሮጌ ስለሆነ የእንቅልፍ ጥያቄውን በደንብ አይመልስም። መጀመሪያ ድራይቨሩን አጠፋነው፤ ማሽኑ ሲነሣ ካርዱን አገኘሁ ብሎ መልሶ ጫነው። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር ገብተን ዲሴብል ማድረግ ተማርን፤ ይህ ለብዙዎቹ ሠራ። ለሁለቱ ግን ያም አልበቃ። በመጨረሻ «የስልክ መስመር በሌለበት ሞደም ምን ይሠራል?» ያለው ያው ወንድማችን ነው። ይህን ከመጀመሪያው አለማሰባችን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። መብራቱን ነቅለን፣ ብሎን ፈትተን አሥሩንም ካርዶች አወጣን።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ባትሪ ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ያለ ማንም ፈቃድ አይተኛም ወይ? ይተኛል፤ ላፕቶፕ ባትሪው ሊሞት ሲል ጥያቄውን ትቶ ይተኛል። የኛ ዩፒኤስ ግን ከኮምፒውተሩ ጋር በዳታ ኬብል አልተገናኘም፤ የሚያውቀው መጮህ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አደጋ መኖሩን አላወቀም፣ በትህትና ይጠይቅ ነበር።

ማይክሮሶፍትም ነገሩ ስለገባው በ2007 መጀመሪያ ለሕዝብ በቀረበው ቪስታ ላይ ፕሮግራሞች እንቅልፍን እንቢ የማለት መብታቸውን ነጠቃቸው። ከ2009ኙ ዊንዶውስ 7 ጀምሮ ደግሞ ማሽኑ በራሱ እንዳይተኛ ማን እንደያዘው ስም እየጠራ የሚነግር ትእዛዝ መጥቷል፤ ፓወር-ሲኤፍጂ ከሚለው ቀጥሎ ሪኩዌስትስ ብላችሁ ጻፉ። ዩኤስቢ ሞደም ያላችሁ ግን ማሽኑን ከማስተኛታችሁ በፊት ግንኙነቱን ቁረጡ፤ ሲነቃ አላገኘሁትም የሚለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

እህታችን ሥልጠናውን በሁለተኛው ዙር አግኝታ ጨረሰች። ኋላም እኛው ክፍል ስታስተምር ነበር። ተማሪ ገና አንድ መስመር ሲጽፍ «ሴቭ በል» ትላለች፤ ስለ ሃይበርኔት ብንነግራት ትሰማንና ትስቃለች። የተነቀሉት ካርዶች በመሳቢያ ውስጥ ናቸው። የነበሩበትን ቀዳዳ አቧራ እንዳይገባ በካርቶን ደፍነነው ነበር፤ የካኩማ አቧራ ግን ያው ገባ።