ቀኝ ልብና አጋዡ ፓምፕ፦ ታሪኩና ለሐዋሳ የሚሰጠው ትምህርት

እግሩ አብጦ፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮና የአንገቱ ደም መልስ ተገትሮ የሚመጣ ወጣት ሕመምተኛ በሐዋሳ ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። ምልክቶቹ የቀኝ ልብን መድከም ያመለክታሉ። የድካሙ መነሻ ግን ብዙ ጊዜ በግራ በኩል፣ በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት በጠበበው ማይትራል ቫልቭ ላይ ይገኛል። በበለጸጉት አገሮች የደከመ ቀኝ ልብን ለጥቂት ቀናት ተክቶ የሚሠራ ፓምፕ አገልግሎት ላይ ከዋለ ሰንብቷል። የዚህ መሣሪያ ታሪክ መሣሪያው በእጁ ለሌለ ባለሙያም ቁም ነገር አለው።

የቀኝ ልብን ሥራ በመግለጽ ረገድ የ13ኛው መቶ ዘመን ሐኪም ኢብን አል ናፊስ ቀዳሚ ሲሆን፣ ደም ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፈው በሳንባ በኩል መሆኑን ጽፏል። ዊልያም ሃርቪም እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ የደምን ዝውውር ሙሉ በሙሉ አስረዳ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት የተመራማሪዎች ዓይን ይበልጥ ያተኮረው በግራው ልብ ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1943 ስታር፣ ጄፈርስና ሚድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የውሾችን የቀኝ ልብ ግድግዳ በሙቀት አቃጥለው ሲመለከቱ፣ የደም መልስ ግፊት እንደተጠበቀው አልጨመረም። ፍራንሷ ፎንታንና ዩጂን ቦዴ ደግሞ የቀኝ ልብ ቫልቭ ሳይፈጠርላቸው ለተወለዱ ሕሙማን፣ ደሙ ቀኙን ልብ ሳይነካ ወደ ሳንባ የሚፈስበትን ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1971 አሳወቁ። ከእነዚህ ሥራዎች በመነሣት ቀኝ ልብ ከመተላለፊያ ቱቦ እምብዛም አይለይም የሚል አስተሳሰብ ተስፋፋ። ሆኖም አንድ ሁኔታ በቂ ትኩረት አላገኘም፤ በሁለቱም ዘንድ የሳንባ ደም ሥሮች ግፊት ዝቅተኛ ነበር። ከፊቱ ያለው መንገድ ሲጠብብና ግፊቱ ሲያይል፣ ስስ ግድግዳ ያለው ቀኝ ልብ ጫናውን ሊቋቋም አይችልም።

ይህን እውነት ጎልቶ እንዲታይ ያደረገው ለግራው ልብ የተሠራው ፓምፕ ነው። ጆን ጊቦን እ.ኤ.አ. በ1953 በልብና ሳንባ ማሽን በመታገዝ የተሳካ የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ፣ ማይክል ደቤኪ እ.ኤ.አ. በ1966 የግራውን ልብ የሚያግዝ ፓምፕ በአንዲት ሕመምተኛ ላይ ተጠቅሞ ውጤት አገኘ። ይህ ስልት እየተስፋፋ ሲሄድ ያልታሰበ ችግር ብቅ አለ። የግራው ፓምፕ ብዙ ደም ወደ ሰውነት ስለሚልክ፣ ያው ደም ተመልሶ በቀኙ ልብ ላይ ይጫናል። በሁለቱ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳም ወደ ግራ ስለሚሳብ የቀኙ ልብ መኮማተር ይዳከማል። በዚህ ምክንያት የግራው ፓምፕ ከተተከለላቸው ሕሙማን ጥቂት የማይባሉት በቀኝ ልብ ድካም ተሠቃዩ፤ ቀኙም የራሱ አጋዥ እንደሚያስፈልገው ታወቀ።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ደረት ተከፍቶ የሚገጠሙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኢምፔላ አርፒ የተባለውን፣ በብሽሽት ደም መልስ በኩል የሚገባ ፓምፕ ፈቀደ። መሣሪያው ደሙን ከታላቁ የታችኛ ደም መልስ ስቦ፣ ቀኙን ልብ ዘልሎ ወደ ሳንባ ደም ቅዳ ይገፋል። በደቂቃ 4 ሊትር ያህል ደም የማስተላለፍ አቅም ሲኖረው፣ የተፈቀደውም እስከ 14 ቀናት ለሚደርስ ጊዜ ነው። ለፈቃዱ መሠረት በሆነው ጥናት ከ30 ሕሙማን 73 በመቶ ያህሉ በሕይወት ተርፈዋል። ይሁንና ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ለሐኪሞች እንዳስታወቀው፣ የጥናቱን መስፈርት በማያሟሉ፣ በተለይም ድንጋጤ ውስጥ ረጅም ጊዜ ከቆዩ በኋላ ፓምፑ በተገጠመላቸው ሕሙማን ላይ ውጤቱ እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። ፓምፑ ጊዜ ይገዛል እንጂ ያለፈውን ጊዜ አይመልስም።

ለሐዋሳ የሚተርፈው ትምህርት ከዚህ ላይ ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለከተማዋና ለአካባቢዋ ሕዝብ የሪፈራል አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። ማይትራል ቫልቩ እጅግ ለጠበበ ሕመምተኛ ፓምፑ ቢገኝ እንኳ፣ ደሙ ከሳንባ ወደ ግራ ልብ የሚያልፍበት በር ጠባብ በመሆኑ፣ በኃይል የተገፋው ደም ሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሕመምተኛውም በሳንባ ውኃ መቋጠር ይታፈናል። መፍትሔው ከፊት ያለውን በር መክፈት ነው። ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳወቀው በፊኛ ቫልቭ የማስፋት ዘዴ ለዚሁ ተግባር ደረት መክፈትን በብዙ ሕሙማን ላይ አስቀርቷል።

በኢትዮጵያም ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት መሥርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአህጉሪቱ ለማጥፋት የወጣውን የአዲስ አበባ መግለጫ ተቀብለዋል። ከሐዋሳ እስከ ዋና ከተማው ያለው መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዘግይቶ ለተላከ ሕመምተኛ ግን ከዚህም በላይ ይረዝማል።

ስለዚህ ለቀኝ ልብ ዋነኛው እገዛ የሚጀምረው በጤና ጣቢያ ነው። በባክቴሪያ የተነሣ የሕፃናት የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሲታከም፣ አንድ ጊዜ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌውን ሳያቋርጥ ሲወስድ፣ የትንፋሽ ማጠር የጀመራት ወጣት እግሯ ከማበጡ በፊት ወደ ልብ ምርመራ ስትላክ፣ ቀኙ ልብ ከአቅሙ በላይ የሆነው ሸክም ሳይጫንበት ይቀራል። የፓምፑ ታሪክ ያስተማረውም ይህንኑ ነው፤ የደከመን ልብ ከማገዝ አስቀድሞ ያደከመውን ነገር ማወቅ፣ ካወቁም ሳይዘገዩ ማስወገድ።