እሾህ፣ መርፌና ጥላሸት፦ ስለ ወረኢሉ ደጋ ንቅሳት

ከደሴ በስተደቡብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትርን አልፎ በሚገኘው በወረኢሉ ደጋ፣ እንዲሁም ከዚያ ወደ ምዕራብ በመካነ ሰላም በኩል እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ በተዘረጋው አገር ገበያ የወጣ ሰው፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ቢመለከት፣ ከአገጫቸው ሥር ጀምሮ እስከ አንገታቸው ግርጌ በመሥመር በመሥመር የተደረደረ ጥቁር ሰማያዊ ጌጥ ያያል። ከአንዳንዶቹ ግንባር ላይ መስቀል አለ፤ ሌሎቹ ሲስቁ ድዳቸው እንደ ጠይም ወይን ጠቁሮ ጥርሳቸውን አንጥቶ ያሳየዋል። ይህ ጌጥ በወርቅ ሠሪ እጅ የተሠራ፣ ሌባ የሚሰርቀው ወይም ለችግር ቀን የሚሸጥ አይደለም። በእሾህና በጥላሸት የተሠራ የሴቶች ሙያ ነው።

የወረኢሉ ስም በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው በአብዛኛው ከጦር ጋር ተያይዞ ነው። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ሠራዊቱ በጥቅምት ወር እንዲከትበት ቀጠሮ የሰጡት በዚሁ ስፍራ እንደ ነበረ ይታወቃል። ስለ ዘመቻው ብዙ ተጽፏል። ለዘማቹ ስንቅ የፈጩትና ያዘጋጁት ሴቶች ግን ስለ ራሳቸው ጽፈው ያቆዩት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ከእጃቸው ሥራ አንዱ የነበረው ንቅሳትም በባለቤቶቹ ቆዳ ላይ የተሠራ በመሆኑ ከእነርሱው ጋር አፈር ገብቷል።

ቃሉ ራሱ ስለ ሙያው ብዙ ይናገራል። «ነቀሰ» የሚለው ግሥ ሁለት ነገር ያመለክታል። እግር ላይ የተሰካን እሾህ በመርፌ ጫፍ እየጎረጎሩ ማውጣት መንቀስ ነው፤ ቆዳን እየወጉ ጥቁር ነገር ማስገባትም መንቀስ ነው። መሣሪያውም እጁም አንድ ሲሆን፣ የሚለየው አንዱ ባዕዱን ነገር ሲያወጣ ሌላው ማስገባቱ ብቻ ነው። የድዱ ደግሞ «ውቅራት» ይባላል። ይህ ቃል ከድንጋይ ሥራ ጋር ዘመድ ነው፤ ከአንድ አለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት «ውቅር» መባላቸው ከዚሁ ግሥ ነው። ለገጠር ሴት ግን ቅርቡ ምሳሌ ወፍጮዋ ነው። ድንጋዩ ሲለሰልስ እህሉን አላደቅ ይላልና በመውቀሪያ ነጠብጣብ በነጠብጣብ እየመታች ታሻክረዋለች። ድድም እንዲሁ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ይወቀራል።

የሥራውን አካሄድ በዝርዝር ጽፈው ካቆዩት የቀድሞ ሰዎች አንዱ ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ በትግራይ ሲኖር የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ የአገሩን ምግብ በልቶ፣ ጥቂት ቆይቶም የራሱን ክንድ አስነቅሷል፤ ያየውንም በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጾታል። ትግራይ ከወረኢሉ ይርቃል፤ ይሁን እንጂ ጥላሸቱ፣ መውጊያውና የመሥመሮቹ አደራደር በሰሜኑ ደጋ ሁሉ የሚቀራረብ በመሆኑ ምስክርነቱ እዚህም ይጠቅማል። እርሱን የነቀሱት ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ነበሩ። ዕቃቸውም ከተቃጠለ ቅጠል የተዘጋጀ ጥቁር ቀለም የያዘች ትንሽ ገንቦ፣ ጫፉ የሾለ የአገር ቤት ብረት፣ አንድ ሁለት ቁራጭ ሸምበቆና አንድ የሣር አገዳ ብቻ ነበር። ክብ ለመሥራት ሲፈልጉ የሸምበቆውን አፍ ቀለሙ ውስጥ ነክረው ቆዳው ላይ ያትሙታል፤ ለቀጥታ መሥመር፣ ለአራት ማዕዘንና ለመሳሰለው ደግሞ አገዳውን በሚፈለገው ርዝመት አጥፈው፣ ቀለም አስነክተው ያሳርፉታል። ንድፉ ካለቀ በኋላ ብረቱ ቀጭን እስከ ሆነበት ድረስ እየሰደዱ፣ ቀለም እየጨመሩ፣ በአንዱ መሥመር ላይ ደጋግመው ይመላለሳሉ።

ፓርኪንስ ሥራው ሲታይ የሠዓሊ ጥበብ ቢመስልም አሠራሩ ግን የመሣሪያ ብቻ መሆኑን ጠቅሶ ነገሩን አቅልሎታል። ለመሐንዲስ ግን ይህ ነቀፋ ሳይሆን ምስጋና ነው። ዓይናቸው የደከመ ሴት እኩል ርዝመት ያላቸውን መሥመሮች፣ እኩል ስፋት ያላቸውን ክቦች ያለ ስሕተት ሊደረድሩ የቻሉት ልኬቱ ያለው በዓይናቸው ሳይሆን በሸምበቆውና በአገዳው ውስጥ ስለ ነበረ ነው። በዛሬው የወርክሾፕ ቋንቋ ፎርማና መለኪያ ነበራቸው ማለት ነው።

ጥላሸት ለዚህ ሥራ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። በየቤቱ በድስት ቂጥና በኩራዝ አናት ላይ የሚገኘው ይህ ነገር አብዛኛው ካርቦን ሲሆን፣ ካርቦን ደግሞ በሰውነት ፈሳሽ አይሟሟም፤ ከሌላ ነገርም ጋር በቀላሉ አይዋሐድም። የላይኛው የቆዳ ሽፋን በየወሩ ገደማ እየተላጠ ስለሚታደስ በእርሱ ላይ የቀረ ቀለም አብሮ ይረግፋል። ስለዚህ ጫፉ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ገብቶ ጥላሸቱን በሥረኛው ንብርብር ማስቀመጥ ይኖርበታል። በዚያ ጥልቀት ላይ ሲታይ ጥቁሩ ቀለም ሰማያዊ መስሎ የሚገኘው በላዩ ያለው ቆዳ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በኢጣሊያ ድንበር ከበረዶ ውስጥ የወጣው፣ ዕድሜው 5,300 ዓመት ገደማ የሆነው ሬሳ በሰውነቱ ላይ 61 የንቅሳት ምልክቶች ተቆጥረውበታል፤ ማቅለሚያውም ያው ጥላሸት ነው።

ቆዳው ይህን ጥላሸት እንዴት እንደሚይዘው ግን በትክክል የታወቀው በቅርቡ ነው። ሰውነት የገባበትን ባዕድ ነገር የሚውጡ ማክሮፌጅ የተባሉ ሕዋሳት አሉት። እነርሱም ጥላሸቱን ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም። በማርሴይ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ የዋጠው ሕዋስ ሲሞት ጥላሸቱን ይተፋዋል፤ አዲስ የተተካውም እዚያው ላይ እንደ ገና ይውጠዋል። ንቅሳት የሚጸናው ቀለሙ ስለ ደረቀ ሳይሆን ሰውነት ሲጠብቀው ስለሚኖር ነው።

የተነቀሰ ሁሉ ግን መጀመሪያ ቁስለኛ ነው። ፓርኪንስ እንደ ጻፈው፣ ሰፊ ቦታ የሚነቀሱት ሴቶች ትኩሳት ይይዛቸው ስለ ነበር ቃጠሎውን ለማብረድ ለጥቂት ቀናት በተወቀጠ ለምለም ቅጠል ተለስነው ይቀመጡ ነበር። ቅርፊት ሲይዝ መላጥ ክልክል ነው፤ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ይጠበቃል። ይህ የአሮጊቶቹ ሥርዓት ዛሬ ሐኪም ለተነቀሰ ሰው ከሚሰጠው ምክር ብዙ አይርቅም፤ ቅርፊቱን ያለ ጊዜው የላጠ ሰው ቀለሙንም አብሮ ያወጣዋል፣ ለመግልም በር ይከፍታል። ላይኛው ቆዳ ለመግጠም ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። የድዱ ከዚህ ይብሳል። ድድ እስኪደማ ተወግቶ ጥላሸቱ በጣት ይታሻል፤ አፍ ያብጣል፤ ትኩስ ነገርና በርበሬ ለጥቂት ቀናት አይታሰብም። በአንድ ጊዜ ካልጠቆረም ይደገማል።

ይህ ሁሉ ስለ ምን ነበር? ለውበት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እውነትም ነው። የአንገቱ ንቅሳት ድሪና ማተብ የሌላትን ልጃገረድ ድሪ ያስራታል። ጥቁር ድድ ጥርስን ያነጣል። ሆኖም ሰዎች መድኃኒትም ይፈልጉበት ነበር፤ የሚደማ ድድ ሲወቀር ይጠነክራል፣ እንቅርት ሲነቀስ ይመለሳል ይባል ነበር። ለድዱም ለእንቅርቱም ፈውስነቱ አልተረጋገጠም። እንቅርት በአገራችን ደጋ ሥር የሰደደው አፈሩም ውሃውም አዮዲን ስለሚያንሰው ነው፤ ጨው ሁሉ አዮዲን ተጨምሮበት እንዲሸጥ የሚያስገድደው ደንብ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እስከዚያ ድረስ ለብዙ የደጋ ሴት እንቅርቷን በጌጥ ከመሸፈን የተሻለ መላ አልነበራትም ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሃይማኖት በዚህ ነገር ላይ ያለው አቋም አስገራሚ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ሰውነትን መነቀስ ይከለክላል፤ የእስልምናም ትምህርት እንዲሁ። ወሎ ደግሞ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ተቻችለው የሚኖሩበት አገር ነው። ያም ሆኖ የተከለከለው ንቅሳት በክርስቲያኗ ግንባር ላይ መስቀል ሆኖ የሃይማኖት ምልክት ለመሆን በቃ። ሁለቱም ወገኖች ያለ ክርክር የተስማሙበት እንሶስላ ነው፤ እርሱም መዳፍና እግር አቅልቶ ከሳምንታት በኋላ ይለቃል፤ ማንንም አያቆስልም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ፤ የነገሩ ሁሉ ክብደት ያለው እዚያ ነውና። የጥንቱ መውጊያ እሾህ ወይም የአገር ቤት ብረት ነበር። እሾህ አንድን ሰው ከወጋ በኋላ ይደንዛል፤ ይጣልና ሌላ ይቆረጣል። ከውጭ የሚመጣው የፋብሪካ መርፌ በየገበያው ሲገኝ ሥራው ቀለለ፤ ቀጭን ነው፣ አይሰበርም፣ ቶሎ አይደንዝም። እነሆ ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ጥንካሬ ነው። የማይደንዝ መርፌ አይጣልም። ነቃሿ አንድ ቀን ተጠርታ የጎረቤት ልጃገረዶችን በተራ ስትነቅስ አንዱ መርፌ፣ አንዱም የቀለም ዕቃ ከአንዷ ደም ወደ ሌላዋ ይሸጋገራል። መንጋጋ ቆልፍ ከእሾህም ጋር ነበረ፤ የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ፣ በኋላም ኤች አይ ቪ ግን በሚጋሩት መርፌ ይጓዛሉ። ሄፓታይተስ ቢን ለማወቅ በር የከፈተው ግኝት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ኤች አይ ቪ የተለየው በ1983 መሆኑን ስናስብ፣ ከዚያ በፊት የነቀሰችውን ሴት በቸልተኝነት መክሰስ ፍርድ አይሆንም። የሚታየውን ሁሉ ትጠነቀቅ ነበር፤ ይህ ግን አይታይም።

መርፌውን መቀቀል አይበቃም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። በወረኢሉ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ዘር ደግሞ በ100 ዲግሪም ፈልቶ አይሞትም። እርሱን ለመግደል ውሃው ታምቆ 121 ዲግሪ መድረስና ሩብ ሰዓት ያህል መቆየት አለበት፤ አውቶክሌቭ የሚባለው ዕቃ የተሠራው ለዚህ ነው። መርፌን በእሳት ማጋል በእርግጥ ያጸዳዋል፤ ነገር ግን ቀጭን ብረት እስኪቀላ ሲግል ጥንካሬውን አጥቶ ይለመልማል፤ ጫፉም ከዚያ በኋላ ለንቅሳት አይሆንም። ከዚህ ሁሉ ድካም ይልቅ እንደ ጥንቱ እሾህ መጣሉ ይቀል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው፣ በኋላም የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር የሆነው ኮሚቴ ንቅሳትን እንጥል ከመቁረጥና ከመሳሰሉት ጋር ከጎጂ ልማዶች መዝገብ አስገብቶታል። ለሕፃናትና ለልጃገረዶች ጤና የተደረገው ትግል የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ የጤና አስተማሪው ቃል ገበያ ሲደርስ መርፌው ተረስቶ መሥመሩ ብቻ ነውር ሆኖ ቀረ። ብዙ እናቶች ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ ማድረግ፣ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ መጠምጠም የጀመሩት ታመው ሳይሆን አፍረው ነው። በአንጻሩ በአዲስ አበባ ዛሬ የንቅሳት ቤቶች ተከፍተዋል፤ የሚሠሩበትም ሳሙኤል ኦራይሊ እ.ኤ.አ. በ1891 በኒው ዮርክ የፈጠራ መብት ካወጣለት የኤሌክትሪክ መኪና የወረደ ነው፤ የዚያም መነሻ የኤዲሰን የኤሌክትሪክ ብዕር ነበር። በደንቡ የሚሠራው ባለሙያ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መርፌ ከእሽጉ አውጥቶ ሲያበቃ ይጥለዋል። የተለየው መርፌው ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ዛሬም ቢሆን አብዛኛው ካርቦን ነው።

ለማስጠፋት የሚፈልጉም ብዙዎች ናቸው። ከገጠር ከተማ የገባች፣ ለሥራም ባሕር ተሻግራ የሄደች ሴት ግንባሯ የመጣችበትን አገር እንዳይናገርባት ትሻለች። ቀድሞ ያለው መንገድ በአሲድ ወይም በጋለ ብረት ማቃጠል ነበር፤ ንቅሳቱን በጠባሳ ይለውጣል እንጂ አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1983 አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ አሜሪካውያን የብርሃኑን ዓይነትና የጊዜውን እጥረት በመምረጥ ቆዳውን ሳያቃጥሉ ቀለሙን ብቻ ማጋል እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ የተሠራው ሌዘር በሴኮንድ ቢሊዮንኛ በሚቆጠር ቅጽበት ጥላሸቱን ያደቅቀዋል። ለጠይም ቆዳ 1,064 ናኖሜትር የሆነው ብርሃን ይመረጣል፤ የቆዳው የራሱ ጥቁረት ይህን ብርሃን የሚውጠው በጥቂቱ ነውና። ግንባራቸው ላይ መስቀል ይዘው እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች በዚህ ዘዴ እንደ ታከሙ የአገሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 በሕክምና መጽሔት ጽፈዋል፤ ከብዙዎቹም ምልክቱ በተደጋጋሚ ሕክምና ለቋል።

የደቀቀው ጥላሸት ታዲያ የት ይሄዳል? ከፊሉን ማክሮፌጆቹ ተሸክመው በአቅራቢያው ወዳለው ዕጢ፣ ሲያብጥ ንፍፊት ወደምንለው ያደርሱታል። ፓርኪንስ የሰማው የአገሬው አባባል፣ ንቅሳት ሥጋው ካለቀ በኋላ በአጥንቱ ላይ ይታያል የሚል ነበር። አጥንት ድረስ አይዘልቅም። ነገር ግን አንገቷን በሌዘር ያጸዳች ሴት ለሌላ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ቢደረግላት፣ ሐኪሙ በአንገቷ ዕጢ ውስጥ የጠቆረ ነገር ሊያገኝ ይችላል፤ ያም ከዓመታት በፊት በእናቷ ቤት ከድስት ቂጥ የተፋቀው ጥላሸት ነው።