የቤት መልክና የሥራው ዓላማ፤ የአፍሪካ አዳራሽ



ሰው ቤት ለመሥራት ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ድንጋዩና ስለ እንጨቱ ሳይሆን፣ በቤቱ ማን እንደሚኖርበትና ምን እንደሚሠራበት ነው። ገበሬው ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ የሚያቆመው እህሉ ከእርጥበት እንዲድን ነው። የጥንት አባቶቻችንም በክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅኔ ማሕሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን ለይተው የሠሩት የእያንዳንዱ ስፍራ ከአገልግሎቱ ጋራ እንዲስማማ ብለው ነው። እንግዲህ የሕንፃ መልክ የባለቤቱን አሳብ ይገልጻል ቢባል ስሕተት አይሆንም። በዛሬው ንግግራችን ይህንኑ ነገር በዋና ከተማችን በሚገኘው በአፍሪካ አዳራሽ ላይ እንመለከታለን።

የዚህ አዳራሽ ታሪክ የሚጀምረው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ጉዳይ ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 1950 ዓ.ም. የአፍሪካን የኢኮኖሚ ኮሚሽን ባቋቋመ ጊዜ ነው። የኮሚሽኑ መቀመጫ አዲስ አበባ እንዲሆን ስለ ተወሰነ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ታላቅ ሕንፃ እንዲሠራ አዘዙ። የሕንፃውን ንድፍ ያወጣው ቀደም ሲል በአስመራ ሲሠራ የቆየው ጣሊያናዊው አርቱሮ መዜዲሚ ነበር። ኢትዮጵያ ከፋሽስት ወረራ ነጻ ከወጣች ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ የአፍሪካ ነጻነት የሚመከርበትን ቤት የጣሊያን ተወላጅ መንደፉ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ነገር ግን በዚያን ጊዜ አንድ ከባድ ጥያቄ ነበረ፤ አዳራሹ የሚሠራው ለስንት መንግሥታት ነው? በዚያው በሚያዝያ ወር 1950 ዓ.ም. በአክራ ከተማ በተደረገው ጉባኤ የተገኙት ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት ስምንት ብቻ ነበሩ። አዳራሹ በመሠራት ላይ ሳለ ግን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ 17 አገሮች ነጻነታቸውን አገኙ። ስለዚህ ያ ቤት የሚሠራው ለነበሩት እንግዶች ብቻ ሳይሆን ሰንደቅ ዓላማቸው ገና ላልተሰቀለላቸው ሕዝቦች ጭምር ነበር። የግንባታው ሥራ ሁለት ዓመት ያህል እንኳ ሳይፈጅ ተፈጽሞ፣ ሕንፃው ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ።

አሁን ወደ መልኩ እንመለስ። በመጀመሪያ ቦታውን እንመልከት። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ሽቅብ የሚሄድ መንገደኛ አዳራሹን ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ያገኘዋል። የእንግዶቹን ቤት ከራስ ቤት ትይዩ ማቆም፣ እንግዳን በጓሮ ሳይሆን በክብር ቦታ የማስቀመጥ የአገራችን ልማድ ነው።

ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ደግሞ በመግቢያው በኩል 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ያያል። ሥራው በሦስት የተከፈለ ሲሆን፣ አፍሪካ በባርነትና በቅኝ ግዛት ያሳለፈችውን መከራ፣ ከዚያም ለመላቀቅ ያደረገችውን ትግል፣ የወደፊት ተስፋዋንም በየተራ ያሳያል። መስታወት እንደ ግድግዳ ሥዕል በራሱ አይታይም፤ የሚያበራው የፀሐይ ብርሃን ሲያልፍበት ነው። ስለዚህ ለምክር የመጣው ልዑክ ንግግሩን ከመጀመሩ በፊት፣ ስለ ማን ሊናገር እንደመጣ የቀኑ ብርሃን ራሱ ያሳስበዋል።

ከዚያ ቀጥሎ ዋናው የጉባኤ አዳራሽ ክብ ሆኖ ተሠርቷል። ለሊቀ መንበሩ የተለየ መድረክ ቢኖረውም፣ የልዑካኑ መቀመጫ ግን በዙሪያው እየጎበጠ ስለሚሄድ፣ ትንሹም አገር ትልቁም አገር እርስ በርሱ እየተያየ ይቀመጣል። ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲደማመጡም ለአስተርጓሚዎች ስፍራ ተዘጋጅቶለታል።

የአንድ ቤት ፈተናው ግን የምርቃቱ ቀን አይደለም። የአፍሪካ አዳራሽ ትልቁን ፈተና ያገኘው በግንቦት 1955 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ የአፍሪካ መንግሥታት የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብለው ተከፍለው ነበር። አንደኛው ወገን ፈጣን የፖለቲካ አንድነትን፣ ሁለተኛው ቀስ በቀስ የሚያድግ ትብብርን ይሻ ነበር። ብዙዎች ጉባኤው ያለ ፍሬ ይበተናል ብለው ሰጉ። ሆኖም ከብዙ ክርክር በኋላ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች መንግሥታት የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር በዚያው አዳራሽ ተቀበሉ። ክብ አዳራሽ ብቻውን የተለያየውን አያስታርቅም፤ ያስታረቁት የሰዎቹ ትዕግሥትና ብልኀት ናቸው። ቤቱ ግን ማንንም በታች ሳያስቀምጥ ተቀብሎ፣ ለዕርቁ ምቹ ስፍራ ሰጥቷል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌም ለድሩ መወጠሪያ የሚሆን ማዕዘን ያስፈልገዋል።

ዘመን ሲያልፍ ቤትም ያረጃል። የኮሚሽኑ አባል አገሮች ቁጥር 54 ደረሰ፤ የቀድሞው መሣሪያም ለአዲሱ ሥራ አልበቃ አለ። ስለዚህ ወደ 57 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተመድቦለት አዳራሹ ታደሰ፤ የአፈወርቅ መስታወትም ተጠገነ፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። በእድሳቱ የቀድሞ መልኩ እንዲጠበቅ መደረጉ ዓላማው እንዳልተረሳ ያመለክታል።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህ ታሪክ በመሥሪያ ቤት የምንውለውንም ሰዎች ይመለከታል። ባለጉዳይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውልበት ኮሪደር፣ ጎንበስ ብሎ የሚናገርበት ጠባብ መስኮት፣ መቀመጫ የሌለው መግቢያ፣ እነዚህም ሁሉ አሳብን ይገልጻሉ። ያ አሳብ ግን ሕዝብን ማገልገል አይደለም። አዲስ ሕንፃ ለመሥራት ገንዘብና መሐንዲስ ያስፈልጋል፤ አግዳሚ ወንበር ለማስገባትና መስኮቱን ከፍ ለማድረግ ግን የአንድ ኃላፊ በጎ ፈቃድ ይበቃል። ቤታችን እንግዳውን እንዴት እንደሚቀበል በየጊዜው እንመርምር።